የገዳሙ መጽሐፍ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የገዳሙ መዝገብ ላይ ይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቅርስ ስርቆት ወሬ በተነሣ ቁጥር «ብራናዎቻችን ተጭነው ሚኒሶታ፣ የካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠዋል» የሚል አነጋገር ይሰማል። አባባሉ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ እዚያ ያለው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ቢታወቅ ኖሮ ብዙ ደብርና ገዳም የተሰረቀበትን መጽሐፍ «የኔ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ማስረጃ ዛሬ በእጁ ይኖረው ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ማስረጃ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚፈለግና በንዋየ ቅድሳት መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን እንለየው። ኮሌጅቪል በምትባል የሚኒሶታ ስፍራ የሚገኘው ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የግል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከፔንስልቬንያ የሄዱ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳት በ1856 ገዳም ተከሉ፤ በማግስቱ ዓመት በ1857 ትምህርት ቤቱ ተፈቀደላቸው። ገዳሙና ዩኒቨርሲቲው ዛሬም በአንድ ግቢ ናቸው። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ በ1870 በብሩክሊን የተመሠረተ ሌላ ሴንት ጆንስ የሚባል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የላዛሪስት ካህናት ናቸው የመሠረቱት፣ በኛ አገር አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ደ ያቆቢስ የነበሩበት ማኅበር። በስም መመሳሰል የተነሣ ስለ ብራና የሚጠይቅ ደብዳቤ ኒውዮርክ ከሄደ መልስ አይገኝለትም። ስለዚህ «ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ» የሚለው ከስሙ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

የሚኒሶታውም ቢሆን ግቢው ሁለት ነው። ወንዶች ተማሪዎች የሚመዘገቡት በሴንት ጆንስ ነው። ሴቶች ደግሞ መነኮሳይያት እህቶች በ1913 በከፈቱት ኮሌጅ ኦፍ ሴንት ቤኔዲክት ነው፤ እሱም ሴንት ጆሴፍ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከወንዶቹ ግቢ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ተማሪዎቹ በሁለቱ ግቢዎች መካከል በአውቶቡስ እየተመላለሱ አብረው ይማራሉ። የብራና ፊልሞቹ ያሉት በሴንት ጆንስ ግቢ ባለው የሂል ሙዚየምና የጽሑፍ መዛግብት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከሚኒያፖሊስ በኩል በመኪና የሚመጣ ወገን ኢንተርስቴት 94ን ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። መውጫ 160 ላይ ከወጣ የሚደርሰው ከሴቶቹ ግቢ ነው፤ የሚፈለገው መውጫ 156 ነው። ከዚያ በኋላ ማርሴል ብሮየር የነደፈው፣ በ1961 የተጠናቀቀው የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የደወል ግድግዳ ከሩቅ ይታያልና መጥፋት የለም።

እነዚህ መነኮሳት ከእኛ መጻሕፍት ጋር ምን አገናኛቸው? በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን አገር ያለው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም፣ የሥርዓታቸው መነሻ፣ በቦምብ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የኑክሌር ጦርነት ፍርሃት መጣ። በአውሮፓ ገዳማት ያሉት የእጅ ጽሑፎች አንድ ቀን አብረው እንዳይጠፉ በፊልም ይነሡ ተብሎ ሥራው በ1965 በኦስትሪያ ተጀመረ። በ1973 ደግሞ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በአሜሪካው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም አጋርነት፣ የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራ ጀመረ። በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (EMML) ይባላል። ይህን ምሕጻር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። መጽሐፉ ቅጠል በቅጠል እየተገለጠ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ይነሣል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከፊልሙ ቅጂ አንዱ አገር ውስጥ ይቀራል፣ አንዱ ኮሌጅቪል ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ደርግ መጥቶ፣ ጦርነት መጥቶ፣ ሥራው እየተጎተተም ቢሆን ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ወደ ሚኒሶታ የተላከው ፊልም ነው፤ ብራናው እዚሁ ቀርቷል። ዛሬ ቦታው ላይ ያልተገኘ መጽሐፍ ካለ ጥያቄው «ከተነሣ በኋላ ማን ወሰደው?» የሚል ነው።

ፊልሙን አንብቦ እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደያዘ በመጻፍ የሚበልጠውን ድርሻ የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቃታቸው በኋላ፣ በ1976 ሚኒሶታ ገብተው እስከ እርጅናቸው እዚያ ሠሩ፤ በ2021 ዐረፉ። የታተመው ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 በወጡ 10 ቅጾች ከቁጥር 1 እስከ 5,000 ያሉትን ይዘረዝራል። እርሳቸው የጽሑፉን ርእስ ብቻ መዝግበው አላለፉም። በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን የርስት ጉልት፣ የተዝካር ዝርዝር፣ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን» የሚለውን ግዝት፣ የለጋሹን ስም ሁሉ ለቅመው ጽፈዋል። ለክርክር የሚጠቅመው ደግሞ ይኸው የኅዳግ ጽሑፍ ነው።

ዋሽንግተን ያለው ነገር ሌላ ነው፤ ከሚኒሶታው ጋር ስለሚደባለቅ ለይቼ ላስቀምጠው። በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምሥራቅ፣ ብሩክላንድ ሰፈር፣ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1887 ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ የፈቀዱትና በ1889 ትምህርት የጀመረ ነው፤ የሜትሮው ቀዩ መስመር ግቢው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዋናውን ብራና ይዟል። በ2016 ከአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ከ600 በላይ የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች በስጦታ ተረክቧል፤ ከ200 የሚበልጡት የእስልምና መጻሕፍት ናቸው፣ ከ100 የሚበልጡት የክርስትና፣ የቀሩት ክታቦች። ስብስቡ ለተመራማሪ ክፍት መሆኑ ለእኛ ጥቅም ነው፤ ተሸሽጎ ከሚቀመጥ መጽሐፍ በቁጥርና በመዝገብ የተያዘ መጽሐፍ ይሻላል። ግን ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች እየቀላቀሉ መውቀስ ፊልም ያነሣንን ወዳጅ እንደ ወሳጅ ያስቆጥራል፤ ዋናውን ብራና በተመለከተ ሊጠየቅ የሚገባውንም ጥያቄ ያደበዝዛል።

የፊልሙ ጥቅም በተግባር ታይቷል። እዚያው ዋሽንግተን ያለው፣ ካቶሊክ ያልሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስጦታ ባገኘው ስብስብ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስንና የሰማዕቱ ሰራባሞንን ገድል የያዘ ጥንታዊ ብራና ነበረው። መጽሐፉ ቀድሞ ደብረ ሊባኖስ ሳለ ለኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ተነሥቶ ስለነበር ተመራማሪዎች ፊልሙን ከብራናው ጋር አመሳክረው ያው መሆኑን አወቁ። ሃዋርድም በ2016 መጽሐፉን ለደብረ ሊባኖስ መለሰ። ጠበቃና ፍርድ ቤት አላስፈለገም፤ «ይህ ቅጠል፣ ይህ ቀዳዳ፣ ይህ እድፍ፣ በዚህ ዓመት እዚህ ቦታ ነበር» የሚል ፎቶግራፍ በቂ ሆነ።

እንግዲህ የእያንዳንዱ ደብር ቄሰ ገበዝ፣ የዕቃ ቤት ጠባቂና ሰበካ ጉባኤ ማድረግ የሚችሉትን ልናገር። ገጠር ላለ ገዳም ኢንተርኔት ችግር ነውና ሥራው በሀገረ ስብከት ደረጃ ቢያዝ ይሻላል። ግእዝ የሚያነብ አንድ ዲያቆን፣ እንግሊዝኛ በመጠኑ የሚያውቅ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣትና አንድ ላፕቶፕ ይበቃሉ። አንድ መጽሐፍ ለማመሳከር ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ምስሎቹ በኢንተርኔት የሚታዩበት ገጽ ቪኤችኤምኤምኤል ነጥብ ኦርግ (vhmml.org) ይባላል፤ በላቲን ፊደል አምስቱም ፊደላት ሳይነጣጠሉ ይጻፋሉ። ውስጡ «የንባብ ክፍል» አለ። በኢሜይል ተመዝግቦ የአጠቃቀም ደንቡን መቀበል ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። ደንቡ ምስሉን ለጥናት ይፈቅዳል፤ ሳያስፈቅዱ ማሳተም ወይም መሸጥ አይፈቅድም። ስለዚህ በቴሌግራም መበተን ተገቢ አይደለም። የአንድ መጽሐፍ ቁጥር የሚያውቅ ሰው የፕሮጀክት ቁጥር በሚለው ሳጥን ውስጥ ምሕጻሩንና ቁጥሩን ይጽፋል። ለመለማመድ 1832ን ቢፈልግ የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ይመጣለታል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም 81 ያስጻፉት፣ የእርሳቸው ሥዕል ያለበት። የገዳሙ የመጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ወንጌል ውስጥ ተጽፏል። አባቶቻችን ንብረታቸውን በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ሲመዘግቡ ኖረዋልና እኔ የምለምነው አዲስ ሥርዓት አይደለም።

ቁጥሩን የማያውቅ በቦታ ይፈልግ። በርእስ መፈለግ አያዋጣም፤ ተአምረ ማርያም ብሎ የሚፈልግ ሰው መቶዎች ይወርዱበታል። በቦታ ሲፈለግ ግን ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ነገር ነው። ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ «ሐይቅ» መጨረሻው በኪው ወይም በኬ ሊሆን ይችላል፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ ሦስቱም «ሀ»ዎች ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ በተጨመረባቸው የላቲን ፊደላት ይለያሉ። በአንዱ አጻጻፍ ካልመጣ በሌላው መሞከር ነው፤ «የለም» ብሎ ለመተው መቸኮል አይገባም። ሁለተኛው የአስተዳደር ስም ነው። ፊልሙ ሲነሣ የነበረው ጠቅላይ ግዛትና አውራጃ ነው፤ ዛሬ በዞንና በወረዳ የምንጠራው ቦታ በካታሎጉ «ሸዋ» ወይም «ወሎ» ተብሎ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛው የታቦቱ ስም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቅዱስ ሚካኤልና ማርያም በየሰበካው አሉ፤ ስለዚህ የደብሩ ስም ቢገጥምም ከተማው ወይም ቀበሌው ካልተረጋገጠ የጎረቤትን መጽሐፍ የራስ አድርጎ መመዝገብ ይመጣል። ይህ ደግሞ በደብር መካከል ጠብ ይጭራል።

ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ ማመሳከሩ ይከተላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉ ርእስና የቅጠሉ ብዛት ስለገጠመ ያው ነው ማለት አይደለም። ቅጠሉ ባይገጥምም ሌላ ነው ማለት አይደለም፤ ካታሎጉ የሚቆጥረው ቅጠል እንጂ ገጽ አይደለምና 150 የተባለው 300 ገጽ ነው። የፊቱ ገጽ አር በሚለው፣ የጀርባው ቪ በሚለው የላቲን ፊደል ይለያል። በፊልሙ ላይ አንድ ፎቶ ሁለት ገጽ ይይዛል፤ በግራ ያለው የቀደመው ቅጠል ጀርባ ነው፣ በቀኝ ያለው የቀጣዩ ፊት። ይህን የሳተ ሰው ሁሉም ነገር በአንድ ገጽ ይዛነፍበታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነም ቀይ ቀለም ፈዝዞ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ «በእኛ ላይ የእመቤታችን ስም በቀይ ነው፣ እዚህ ግን አይለይም» ብሎ መጣል ስሕተት ነው።

የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? የመጀመሪያው የመስመር መጨረሻ ነው። ከመጽሐፉ ሦስት ቅጠል ይመረጥ፤ አንድ ከመጀመሪያው ሩብ፣ አንድ ከመካከል፣ አንድ ከመጨረሻው ሩብ። በየቅጠሉ ዐምዱ ስንት ነው፣ መስመሩ ስንት ነው፣ እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ፊደል ያልቃል የሚለው ከብራናው ላይ በወረቀት ይገለበጥ፤ ከዚያ ከምስሉ ጋር ይታይ። አንድ ድርሰት መቶ ጊዜ ቢገለበጥ ቃሉ አንድ ይሆናል፤ ነገር ግን ጸሐፊው የቆዳውን ስፋትና የብዕሩን ውፍረት እየተከተለ ስለሚጽፍ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ በሁለት መጻሕፍት አይገጥምም። የሃያ መስመር መጨረሻ ከገጠመ መጽሐፉ ያው ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ቀዳዳው ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ ቀድሞ በመዥገር ወይም በጭረት የሳሳው ቦታ ይሰፋና ክብ ወይም ሞላላ ቀዳዳ ይሆናል። ፋቂው እርጥብ ሳለ በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ ሳይሰፋም ሲቀር ጸሐፊው ቀዳዳውን እየዘለለ ይጽፋል። ቅርጹ፣ የስፌቱ ብዛት፣ ከየትኛው ፊደል ጎን እንዳለ ሲታይ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። ሌባ ስም ሊፍቅ፣ ማኅተም ሊቆርጥ ይችላል፤ የቆዳን ቀዳዳ ግን ሊለውጥ አይችልም። የሰም ጠብታ፣ የጥላሸት እድፍ፣ የአይጥ ጥርስም እንዲሁ ይረዳሉ፤ ከፊልሙ በኋላ ሊጨመሩ እንደሚችሉ ግን ማስታወስ ነው። በፊልሙ ላይ የነበረ እድፍ ዛሬ ብራናው ላይ ከሌለ ጥርጣሬ ይግባ፤ ዛሬ ኖሮ በፊልሙ ላይ ባይኖር ግን ምንም አያስደንቅም።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ብቻ ይዞ ማመሳከር አይበቃም የምለው ለምክንያት ነው። የባለቤት ስምና ግዝት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ቀድመው የሚቀደዱት እነሱ ናቸው። ሥዕል ያለበት ቅጠልም ለብቻው ይሸጣልና ይጎድላል። መጽሐፉ ገበታው ተሰብሮ እንደገና ሲጠረዝ ደግሞ ጥራዙ ተዘዋውሮ ሊሰፋ ይችላል፤ የፊልሙ 40ኛ ቅጠል ዛሬ 72ኛ ሆኖ ቢገኝ አያስደንግጥ።

ከተረጋገጠ በኋላ ቁጥሩ የሚገባበትን ቦታ ልንገራችሁ። በንዋየ ቅድሳት መዝገብ ላይ፣ ከመጽሐፉ ስም ጎን፣ አዲስ ዐምድ ተሰምሮ የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥር ይጻፍ፤ አጠገቡ የተመሳከሩት ሦስት ቅጠሎች ቁጥርና ያመሳከሩት ሰዎች ፊርማ ከቀኑ ጋር ይግባ። ያው ቁጥር በንጹሕ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ። ብራናው ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ነውር ነው፤ ቀለሙ ወደ ጀርባ ይሰርጋል፣ አይለቅም። ሐምራዊውን የደብሩን ማኅተም በጽሑፉ ላይ መምታትም በየቦታው የሚታይ ጥፋት ነው። ለጥበቃ ታስቦ ቢደረግም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፣ ከሥሩ ያለውን ፊደል ያጠፋል፤ ሌባውም ያንን ቅጠል ቆርጦ ይጥለዋል። የመዝገቡ ገጽ ኮፒ ተደርጎ አንዱ በሀገረ ስብከት፣ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በአንድ ካዝና ከመጽሐፉ ጋር የተቀመጠ መዝገብ መጽሐፉ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል፣ ቤቱ ሲቃጠልም አብሮ ይቃጠላል።

ያልተነሣ መጽሐፍ ብዙ ነው። ለእሱ ስልክ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው በረንዳ ወይም በር አጠገብ፣ ከረፋዱ ብርሃን ሳይጠፋ፣ ያለ ፍላሽ ይነሣ። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተገንጥሎ አይዘርጋ፤ በሁለቱም ገበታ ሥር የታጠፈ ጋቢ ተደርጎ ከአቅሙ በላይ ሳይከፈት ይያዝ፣ አለበለዚያ ጀርባው ይሰነጠቃል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የጨርቅ ጓንት አይደረግ፣ የቅጠሉን ጫፍ ስለማያሳውቅ ይቀድዳል። ከገጹ ጎን ማስመሪያ ይቀመጥ። ሁለቱ ገበታዎች፣ ጀርባው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል፣ ከመካከል ሦስት ቅጠል፣ ሥዕሎቹ፣ ቀዳዳ ያለባቸው ቅጠሎችና የኅዳግ ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ይነሣ። በአንድ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ፎቶ ማለት ነው። ስልኩ የጠፋ ቀን ሥራው እንዳይጠፋ በዚያው ቀን ወደ ሁለት ፍላሽ ዲስክ ይገልበጥ።

«ፎቶ ካነሣን ሌባ ይሰማል» የሚሉ አባቶች አሉ። ስጋታቸው ከልብ የመጣ ነው፤ ብዙ አይተዋል። ነገር ግን ሌባው መጽሐፉ የት እንዳለ ለማወቅ ፎቶ አያስፈልገውም፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ቤቱን ከሚያውቅ ሰው ይሰማል። ፎቶው የሚያስፈልገው መጽሐፉ በውጭ አገር ገበያ ላይ ሲገኝ ነው። መዝገቡንና ፎቶውን ለሕዝብ ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ በሁለት ሰው እጅ፣ በሁለት ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

መጽሐፍ የጠፋ ቀን መጀመሪያ ለፖሊስ፣ በዚያው ቀን ለቅርስ ባለሥልጣን ማመልከት ነው፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የቅርስ ባለይዞታ ላይ ግዴታ ይጥላል። ማመልከቻው ላይ «አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ጠፍቶብናል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ድንበር ላይ ያለ የጉምሩክ ሠራተኛ በምን ያውቀዋል? ቁጥሩ፣ ርዝመቱና ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፣ ዐምዱና መስመሩ፣ የቀዳዳው ቦታ፣ ሦስት ፎቶ ይያያዝ። ያው ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ይላክ፤ መጽሐፉን ልግዛ ብሎ ወይም ላጥና ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉና።

ለጠቅላይ ቤተ ክህነትና ለቅርስ ባለሥልጣን ያለኝ ልመና አንድ ነው። ከ9,000 በላይ የሆነው ዝርዝር በየሀገረ ስብከቱ ተከፋፍሎ፣ የደብሩ ስም በአማርኛ ተመልሶ ተጽፎ፣ በወረቀት ታትሞ ለየዕቃ ቤቱ ይድረስ። አንድ ደብር ሦስት ቁጥር፣ አንድ ትልቅ ገዳም መቶና ሁለት መቶ ቁጥር ይደርሰዋል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያሉ ወገኖቻችንም ግእዝ የሚያውቁ ካህናት አሏቸው፤ ከኮሌጅቪል በሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ናቸው። የተወለዱበት ደብር መጻሕፍት ዝርዝርን ከዚያ አውጥቶ፣ በአማርኛ ጽፎ፣ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ በፖስታ መላክ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አይፈጅም። ሲላክ የደብሩ ስም፣ ቁጥሩ፣ የመጽሐፉ ስም፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የዐምዱና የመስመሩ ቁጥር፣ ከሦስት ቅጠል የታተመ ምስል ይኑርበት። ማመሳከሩን እዚህ ያሉት ይጨርሱታል።

ከአክብሮት ጋር፤
የጥንታዊ ጽሑፎች መዝጋቢ፣ አዲስ አበባ